ሙዳየ ምጽዋቱ ስንት ቁልፍ አለው?

እሑድ ረፋድ ላይ በአዲስ አበባ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሰቃ ሲወረድ ታክሲው ፍጥነቱን የሚቀንሰው የጭነት መኪና ስለበዛ ብቻ አይደለም። በመንገዱ ዳር ምንጣፍ ተነጥፏል፤ በትልቅ ጥላ ሥር በፍሬም የገባ የቅዱስ ሥዕል ቆሟል፤ ድምፅ ማጉያ የያዘ ወጣት «ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያኑ ማሠሪያ የአቅማችሁን» ይላል። ምንጣፉ ላይ የአሥርና የሃምሳ ብር ኖቶች ተበታትነዋል። ከተሳፋሪው አንዱ በመስኮት ብር ይወረውራል፣ ያማትባል፣ ታክሲው ይሄዳል። አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በዚያው ሰፈር ብትገኙ ደግሞ በመስጊዱ በር ላይ ለሚናራና ለውዱእ ቦታ የሚሰበሰብ ገንዘብ ታያላችሁ። ወደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ ወደ በዙበት አቅጣጫ፣ በቆርቆሮ የተጀመሩ አጥቢያዎች፣ መስጊዶችና የጸሎት አዳራሾች እርስ በርስ ይተያያሉ። ከተማ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚመጣው ሱቅ ነው፤ ሁለተኛው የአምልኮ ቦታ ነው፤ መብራትና ውኃ ተከትለው ይደርሳሉ።

በመስኮት የወረወረው ሰው ደረሰኝ አልጠየቀም። ገንዘቡ የት እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚቆጥረው፣ አጥቢያው በእርግጥ መኖሩን እንኳ አላጣራም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሐሰተኛ ለማኞች በስሟ እንደሚነግዱ ደጋግማ አስጠንቅቃለች፤ መወርወሩ ግን አልቆመም።

ያው ሰው በወሩ መጨረሻ የዕድር ስብሰባ ላይ ሌላ ሰው ነው። ድንኳኑ ለምን ተቀደደ? ባለፈው ቀብር የጠፉት ብርጭቆዎች በማን ይተካሉ? ለመጥረጊያ ወጣ የተባለው ገንዘብ ደረሰኙ የት አለ? ገንዘብ ያዡ ላብ እስኪያጠምቀው ይጠየቃል፤ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ያነባል፤ ዳኛው ድምፅ ያስከብራል። አቃቂ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ያፈራት ከተማ ናት፤ ሠራተኛው ከፈረቃ ወጥቶ ዕድሩን በመዝገብና በቅጣት ማስተዳደር ለምዷል። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ድንኳን ሐዘን የሚቀመጡበት ዕድር ውስጥ «እመኑኝ» ብሎ የሚያመልጥ ገንዘብ ያዥ የለም።

አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ እንዲህ ሁለት ዓይነት የሚሆነው ለምንድን ነው? ስጠይቃቸው ብዙዎች የሚሰጡኝ መልስ ተመሳሳይ ነው፦ የዕድሩ ገንዘብ የእኛ ነው፣ የዚያኛው የእግዚአብሔር ነው፤ ለእሱ የሰጠሁትን ቆጥሬ አልጠይቅም። መልሱ ያምራል። ግን ይህ መልስ ከመጽሐፍ ቅዱስም ከቁርአንም አልተገኘም።

እንግሊዛዊው የሒሳብ አያያዝ ተመራማሪ ሪቻርድ ላፍሊን በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራው የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ታሪክ መርምሮ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፦ በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ የተቀደሰው ሥራ አንድ ወገን፣ ገንዘብና ሒሳብ ሌላ ወገን ተደርገው ይታሰባሉ፤ ሒሳቡ የሚፈቀድለት የተቀደሰውን እስካገለገለ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ አጥኚዎች ብዙ ተከራክረውበታል። በተቀደሰውና በገንዘቡ መካከል የቆመው ይህ ግንብ በሁሉም እምነት አለ ወይስ የአንዳንዱ ብቻ ነው? አቃቂን ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው መጽሐፍ ላይ አይቀርም፤ በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ መልሶቹን ማየት ይቻላል።

መጀመሪያ ሣጥኑን እንመልከት። የኦርቶዶክስ አጥቢያ በር ላይ የቆመው ሙዳየ ምጽዋት ከጌጥነቱ ይልቅ መቆጣጠሪያነቱ ይበልጣል፤ ታሪኩም መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 12 ላይ አለ። ንጉሥ ኢዮአስ ካህናቱ ከሕዝቡ ገንዘብ እየተቀበሉ የመቅደሱን ስንጥቅ እንዲጠግኑ አዘዘ። በነገሠ በ23ኛው ዓመት ሲመለከት ስንጥቁ እንዳለ ነበር። ያኔ ካህናቱ ገንዘቡን በእጃቸው መቀበላቸው ቀረ። ካህኑ ዮዳሄ አንድ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን ነደለና በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው መጥተው ይቆጥሩታል፣ በከረጢት ያስሩታል፣ ለሠራተኞቹ ይከፍላሉ። አንዱ ከቤተ መንግሥት፣ አንዱ ከቤተ መቅደስ። የዛሬ ኦዲተር «ሁለት ፊርማ» የሚለው ነገር ይኸው ነው።

በዚያው ታሪክ መጨረሻ ላይ ግን ሰነፎች የሚወዱት ቃል አለ፦ ሠራተኞቹ ታማኞች ስለ ነበሩ ሒሳብ አልተጠየቁም ይላል። ይህችን ይዞ «ታማኝ ሰው አይጠየቅም» የሚል ሰባኪ ሰምቻለሁ። የዘነጋው ነገር ሣጥኑ መጀመሪያ ለምን እንደ ተነደለ ነው።

በደንብ በሚሠራ አጥቢያ ሙዳየ ምጽዋት የሚከፈተው በአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ጸሐፊው፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ገንዘብ ያዡ፣ ቁጥጥሩ፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት የተወከሉት ይቀመጣሉ። ሣጥኑ ይገለበጣል፤ የተጨማደደ ብር በዓይነት በዓይነቱ ይደረደራል፤ ሳንቲም ይለያል፤ በሻማ ሰም የተጣበቀው ኖት በጣት ይላቀቃል። ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ገንዘቡ ባንክ ይገባል። በዓመት በዓል ማግሥት ይህ ቆጠራ እስከ ማታ ይዘልቃል። አሠራሩን የሚደነግገው ቃለ ዓዋዲ ነው፤ በ1965 ዓ.ም. በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው፣ ሰበካ ጉባኤን ያቋቋመው ደንብ። ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች አብረው እንዲቀመጡ፣ የሚመረጡትም በየሦስት ዓመቱ እንዲቀየሩ ያዛል።

ደንቡ የወጣበት ጊዜ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት አደረገ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። ለዘመናት ከመሬቷ ስትተዳደር የኖረች ቤተ ክርስቲያን በአንድ ዓመት ውስጥ ከገባር ወደ ምእመን ኪስ ተሻገረች። ገባሩ ሒሳብ የመጠየቅ መብት አልነበረውም። ምእመኑ በደንቡ መሠረት አለው። ይህ የማይናቅ ለውጥ ነው፤ ምእመኑ ግን ለውጡ እንደ ደረሰው ገና አልሰማም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አቡነ ቴዎፍሎስ ራሳቸው የደንባቸውን ፍሬ ሳያዩ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፣ ኋላም ተገደሉ።

አንድ ነገር ሒሳብ ሹሞችን ያስቸግራል፦ ስለት። ልጇ ከጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በደኅና የወጣላት እናት ጥላ ታስገባለች፤ ሌላዋ ምንጣፍ፤ ሌላው የአንገት ወርቅ ወይም በግ። ለንግሥ በዓል የገባው ጥላ ከሚያስፈልገው በላይ ይሆንና ተሽጦ ገንዘቡ ለደመወዝ ይውላል። በሒሳብ ሹሙ መዝገብ ይህ ገቢ ነው። የተሳለችው እናት ግን ጥላው ታቦቱን ያጥላ ብላ ነው ያመጣችው፤ ገበያ ይውጣ ብላ አይደለም። ዘመናዊ የሒሳብ ደንብ ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ ስጦታ ለብቻው ተይዞ ለዚያው ዓላማ ይዋል ይላል፤ ስለትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ዘመናዊው ኦዲተርና የተሳለችው እናት ሳይተዋወቁ አንድ ነገር እየጠየቁ ነው። የሰጠሁት ለሰጠሁበት ይዋል የሚለው ጥያቄ ዓለማዊ ነው ሲባል ስሰማ ይህች እናት ትዝ ትለኛለች።

የአዲስ አበባ አድባራትና ገዳማት ከገቢያቸው ከመቶ ሃያውን ለሀገረ ስብከታቸው ፈሰስ ያደርጋሉ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ጠቅላላው ሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ ሲሰበሰብ አህጉረ ስብከት ሪፖርታቸውን ያሰማሉ፤ ብዙ ገቢ ያደረገው ይመሰገናል። ከታች ወደ ላይ የሚሄደው ተጠያቂነት እንግዲህ አለ። ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ሰጪው የሚመለሰው ነው የሳሳው። ስንት እንደ ገባ ይነገራል፤ ምን እንደ ሠራ የሚነገረው በጥቂቱ ነው። ስድስተኛው ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ ከተሾሙበት ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሙስና እንዳለ በአደባባይ ተናግረዋል። በ2006 ዓ.ም. አካባቢም የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት በባለሙያዎች ያስጠናው የአደረጃጀት፣ የገንዘብና የንብረት አያያዝ ማሻሻያ ደጋፊና ተቃዋሚ አሰልፎ ብዙ አነጋገረ፣ እንደ ታሰበውም ሥራ ላይ አልዋለም። ቤተ ክርስቲያን ድርጅት አይደለችም የሚለው ክርክር እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉ ይነሣል። አይደለችም፤ ልክ ነው። ግን ሱቅ ታከራያለች፣ ሕንፃ ትሠራለች፣ ደመወዝ ትከፍላለች።

ከዚያው አስፋልት ማዶ ሌላ ዓለም አለ። የአቃቂ ሰው «ሚሲዮን» የሚለው የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶች ግቢ በአካባቢው የቆየ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ብዙ ሰው አስተምሯል። የአድቬንቲስት አስራት ጉዞ ለሒሳብ ባለሙያ የሚያስደስት ነው። አባሉ የገቢውን አንድ አሥረኛ በፖስታ ያደርጋል፤ ፖስታው ላይ አስራቱ ስንት፣ መባው ስንት እንደ ሆነ ይጽፋል፤ ደረሰኝ ይቀበላል። አስራቱን አጥቢያው አይነካውም፤ በሙሉ ወደ ላይኛው መዋቅር ይሄዳል፤ የመጋቢው ደመወዝም የሚመጣው ከዚያ ነው። አጥቢያው የሚተዳደረው በመባው ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በዓለም ዙሪያ መዋቅሮቿን የሚመረምር የራሷ የኦዲት አገልግሎት አላት።

ይህ አሠራር አስተዳደራዊ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ሥነ መለኮት አለበት። አስራት የአምላክ ነው፤ ሰው መጋቢ ነው፤ ስለዚህ መቁጠር የአምልኮው ክፍል ነው። ኦርቶዶክሱ «የእግዚአብሔር ስለ ሆነ አልቆጥርም» ሲል አድቬንቲስቱ «የእግዚአብሔር ስለ ሆነ ሳልቆጥር አልሰጥም» ይላል። አንድ መነሻ፣ ሁለት መዝገብ። ጉድለቱም ከጥንካሬው ይወለዳል፦ ደመወዙ ከላይ የሚመጣለት መጋቢ ዓይኑም ወደ ላይ ይሆናል፤ የአጥቢያው አባል ደረሰኝ በእጁ አለ፣ ከላይ በሚወሰነው ላይ ያለው ድምፅ ግን ቀጭን ነው።

እስልምና ውስጥ ግንቡ ከመጀመሪያውም ዝቅ ያለ ነው። የቁርአን ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛ፣ ስለ ጸሎት ወይም ስለ ጾም አይደለም፤ ብድር ሲደረግ በጽሑፍ ይያዝ፣ ጸሐፊው በፍትሕ ይጻፍ፣ ምስክር ይቁም የሚል ነው። ዘካ ደግሞ ነጋዴውን በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳብ ሠራተኛ ያደርገዋል። በጨረቃ አቆጣጠር ዓመት የሞላው፣ 85 ግራም ወርቅ ያህል ዋጋ የደረሰ ሀብት ካለው ከመቶ 2.5 ያወጣል። ለዚህም የሱቁን ዕቃ በዛሬ ዋጋ መገመት፣ ያለበትን ዕዳና ሊመለስለት የሚችለውን ብድር መለየት አለበት። የታክስ ገማች ሲመጣ መዝገብ የለኝም የሚለው ነጋዴ በረመዳን ለራሱ የሚሠራው ሒሳብ ብዙ ጊዜ ከማንም ሒሳብ ሠራተኛ የጠራ ነው። ዘካው ለማን እንደሚሰጥም ስምንት ወገኖች ተለይተዋል፤ ሰብሳቢው ራሱ ከስምንቱ አንዱ ስለሆነ የአስተዳደር ወጪ እንኳ ቦታው ታውቋል።

ይህ እምነት በባንክ ሕጋችን ውስጥ ሲገባ አገሪቱ አይታለች። ብሔራዊ ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ወለድ አልባ አገልግሎት በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በመስኮት ብቻ ፈቀደ፤ ለብቻው ሊቋቋም የነበረው ዘምዘም ባንክ ተስፋው ተቋረጠ። በ2019 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ ተፈቀደና ዘምዘም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራም ተከተለ። በነዚህ ባንኮች የሚታየው የሒሳብ ለውጥ ከስም በላይ ነው። ባንኩ ገንዘብ አበድሮ ወለድ አይቆጥርም፤ ዕቃውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ በዱቤ ይሸጣል፣ ወይም በሥራው ተሻርኮ ትርፍና ኪሳራ ይጋራል። ከውጭ ኦዲተር ሌላ የሸሪዓ አማካሪዎች ውሉን ይመረምራሉ፤ ያልተፈቀደ ገቢ ከተገኘ ከትርፍ ወጥቶ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። መደበኛ ባንክ በመስኮት የሚሰጠውን አገልግሎት ገንዘብ ከሌላው እንዳይቀላቀል ለብቻ መዝግቦ መያዝ አለበት። ከአቃቂ ዋና መንገድ ዳር የወለድ አልባ ማስታወቂያ የለጠፈ የባንክ ቅርንጫፍ ስታዩ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ሁለት መዝገብ እንዳለ አስቡ።

እዚህ ላይ ግን ኦዲትን ሳወድስ ብቻ እንዳልውል አንድ ታሪክ ያስፈልጋል። በግንቦት 1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። አቤቱታው በመሠረቱ የሒሳብ አቤቱታ ነው። የአውሮፓ ለጋሾች ለጉድጓድ፣ ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት በልማት ዓምድ ገንዘብ ይልካሉ፤ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸው ይጨብጣል፤ መዝገባቸው ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ ለሁለት ከፍሎታል። ቤተ ክርስቲያኒቱ የእኛ ሰው እንዲህ አይከፈልም ብላ መለሰች። ደብዳቤው በዓለም አቀፍ ደረጃ ክርክር አስነሥቶ በ1974 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ ጉባኤ አስጠራ። ቄስ ጉዲና በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ፤ ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የሒሳብ ዓምድ ሲሰመር አብሮ እምነት ይሰመራል፤ የለጋሹ ሠንጠረዥም የራሱ ሥነ መለኮት አለው።

ስለዚህ «ኦዲት መንፈሳዊውን አይለካም» በሚሉ ካህናት አልስቅም። ሌሊት ሰዓታት የሚቆም ካህን፣ ተማሪዎቹን በቁራሽ የሚያሳድር የቅኔ መምህር ውጤታቸው በምን ሠንጠረዥ ይገባል? በገቢ ብቻ የሚመዘን ደብር ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ሱቅ የሚበዛበትና ጉባኤ ቤት የሚዘጋበት ይሆናል። ይህ አደጋ እውነተኛ ነው፤ ዛሬም ብዙ ግቢዎች ውስጥ ይታያል። መልሱ ግን አለመቁጠር አይደለም። የቅኔ ቤቱ ደመወዝ ስንት እንደ ሆነ፣ ከሱቁ ኪራይ ስንቱ ወደዚያ እንደ ሄደ በሪፖርቱ ቢነበብ ምእመኑ የቱ እንደ ተበደለ ያያል። መምህሩን የሚጠብቀውም ይኸው ቁጥር ነው።

መንግሥትስ? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113/2011፣ ለሃይማኖት ተቋማት አይሠራም። አንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት በየዓመቱ የተመረመረ ሒሳብ ለባለሥልጣኑ ያቀርባል፣ የአስተዳደር ወጪውም ከመቶ ሃያ እንዳይበልጥ ተገድቧል፤ ጎረቤቱ ያለው የአምልኮ ቦታ ይህ ሁሉ አይመለከተውም። ሃይማኖትና መንግሥት መለያየታቸው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 የተደነገገ ነው፤ መንግሥት ሙዳየ ምጽዋት ቆጣሪ እንዲሆን የሚመኝም ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠያቂው ከውስጥ ካልመጣ ከየትም አይመጣም።

ከውስጥ ሊያመጣው የሚችል አንድ አዲስ ነገር ስልክ ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሲስፋፋ በአቃቂም በአጥቢያው በር፣ በመስጊዱ ግድግዳ፣ በአዳራሹ መድረክ ላይ የባንክ ቁጥርና የሚቃኝ ምልክት ተለጥፏል። በስልክ የተላከ ብር ሰዓትና ቁጥር አለው፤ በሁለት እጅ መካከል አይጠፋም። ግን ሂሳቡ በማን ስም ነው የተከፈተው? በአጥቢያው ስም፣ በሁለት ወይም በሦስት ፊርማ ከሆነ፣ የዮዳሄ ሣጥን ወደ ስልክ ገብቷል። በአንድ ግለሰብ ስም ከሆነ፣ ያ ሣጥን ክዳኑ ወልቋል፤ ከምንጣፉ የሚለየው ጥላ ስለሌለው ብቻ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ስታዩ ከስብከቱ በፊት የባንክ ሂሳቡን ባለቤት ስም አንብቡ።

አቃቂ ያላችሁ የአጥቢያ ምእመናን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ብዙ ጊዜ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ሪፖርቱ መነበብ ሲጀምር ግማሹ ሰው ነጠላውን አስተካክሎ ይወጣል። አትውጡ። በዕድራችሁ ስለ ድንኳኑ የጠየቃችሁበትን ድምፅ ይዛችሁ ቆዩ፤ ሙዳየ ምጽዋቱ ስንት ቁልፍ እንዳለው፣ ቁልፎቹ በማን እጅ እንደ ሆኑ፣ ያለፈው ዓመት ኦዲት መቼ እንደ ተደረገ ጠይቁ። ቃለ ዓዋዲው የሰጣችሁ መብት ነው።